ቅጠል ያበቀለው ባሕራችን

ባለፈው ወር ልጄ ጅቡቲ ወስዳኝ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር አየሁ። ጫማዬን አውልቄ ውሃው ውስጥ ገባሁና እንደ ሕፃን ጮህኩ። ከዚያ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እማዬ፣ ይህን ሁሉ መንገድ መጥተሽ ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ?» አለችኝ ልጄ።

ያደግኩት ሚዛን ተፈሪ ነው። አባቴ በወጣትነቱ አሰብ ወደብ ጫኝና አውራጅ ነበር፤ የቡና ንግድ ወደኛ አገር ቢያመጣውም ልቡ እዚያው ቀርቷል። ዝናብ በጣለ ቁጥር «ይሄም ውሃ ተባለ! ባሕር እኮ ከማየቱ መስማቱ ነው» ይላል። እሱን ስሰማ አድጌ ባሕርን ሳላየው ወደድኩት። ሰው ያላየውን ሲወድ ደግሞ ልክ የለውም።

ኋላ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፣ የአባቴም ዓይን ይደክም ጀመር። በሰኔ ለሕክምና ጅማ አክስቴ ቤት ሲሄድ፣ እኔና የጎረቤታችን ልጅ ፋጡማ ተማማልን። ጨርሶ ሳይጨልምበት ባሕሩን ጓሯችን ውስጥ ሠርተን ልናሳየው!

እንዴት ያለ ደስታ ነበር! የኮርች ቅርንጫፍ ቆርጠን፣ አንዱን አጭር አንዱን ረጅም እያደረግን በማዕበል ቅርጽ ተከልነው። አሮጌ ቆርቆሮ ቀጥቅጠን አለበስነውና ከበራችን በተረፈ ሰማያዊ ቀለም ቀባነው። የእንሰት ቃጫ አበጥረን አረፋ፣ የቡና ገለፈት በትነን አሸዋ አደረግን። ያቃተን ድምፁ ነው። የጠርሙስ ቆርኪ በሲባጎ ሰክተን ብናንጠለጥል ፋጡማ ነቅነቅ አድርጋው፣ «ወላሂ ይሄ የፍየል ቃጭል ነው!» ብላ በሳቅ ፈረሰች።

አባቴ ግን ክረምቱን ሙሉ እዚያው ጅማ ቆየ። በኛ አገር ኮርች ለአጥር የሚተከለው ተቆርጦም ስለሚጸድቅ ነው፤ ይህን ደግሞ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። እኛ በባሕር ፍቅር ሰክረን ረሳነው። መስከረም ሲጠባ ባሕራችን በየቆርቆሮው ቀዳዳ ቅጠል አውጥቶ ተንዠረገገ። ብንመለምለው ባሰበት። «ጫካ ለሞላው አገር ሌላ ጫካ ሠራንለት» ብዬ አለቀስኩ።

አባቴ በትር ይዞ ተመለሰ። ሕክምናው ብዙም አልረዳውም። እጁን ይዤ ወደ ጓሮ ወሰድኩት። ገና አፌን ሳልከፍት ነፋስ መጣ፤ ያ ሁሉ ሰፋፊ ቅጠል ቆርቆሮውን እየጠረገ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ።

«ዝም በሉ እስቲ» አለ አባቴ። ዓይኑን ጨፈነ። «እናንተ ልጆች… ድምፁን ከየት አመጣችሁት?»

ፋጡማ ስትዘል ገለፈቱ ሁሉ በነነ። እኔ አባቴን አቅፌ እየሳቅኩ አለቀስኩ።

ቆርቆሮው ዝጎ ካለቀ ቆየ። ኮርቾቹ ግን ትልልቅ ዛፎች ሆነው ዛሬም አሉ፤ ልጄም ያደገችው ከሥራቸው እየተጫወተች ነው። የአተካከላቸውን ነገር ነግሬያት አላውቅም ነበር።

ጅቡቲ ዳርቻ ላይ እጇን ያዝኩና «ዓይንሽን ጨፍነሽ ስሚ» አልኳት። እየሳቀች ጨፈነች። ጥቂት ቆይታ ሳቋ ጠፋ።

«እማዬ» አለች፣ «የአያቴ ጓሮ!»