ከኢንተርኔት ላይ ውረድ የተባለው ወልዴ

አስቀድሜ ሰዎቹን ላስተዋውቅ። አንደኛው ደምሴ ነው። በወጣትነቱ ታክሲ ተራ ላይ ዱላ ይዞ ተራ ሲያስከብር ኖሮ፣ ኋላ ላይ የሁለት ሚኒባስና የሁለት ላንድክሩዘር ባለቤት የሆነ ሰው። ሁለተኛው ወልዴ ነው። ከከምባታ መጥቶ ጎፋ የተቀመጠ፣ ጸሎተኛ ጴንጤ፣ አንዲቷን አሮጌ ላንድክሩዘሩን ራሱ እየነዳ ቱሪስት የሚያጓጉዝ የአራት ልጆች አባት። ሦስተኛዋ ልጄ ሰላማዊት ናት። ኮምፒዩተር ተምራ ኢንተርኔት ባለበት መሥሪያ ቤት ተቀጥራ ነበር። አራተኛው እኔ ግርማ ነኝ፤ ብየዳን ያለ አስተማሪ፣ እንግሊዝኛን ከመዝገበ ቃላት የተማርኩ ሰው።

ነገሩ የሆነው በ1991 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ብዙ ጠብ አይቻለሁ። ይህኛው ከልቤ ያልወጣው ግን ተደብዳቢው እስከ መጨረሻው ድረስ ለምን እንደሚደበደብ ስላላወቀ ነው።

ደምሴ ያን ሰሞን የአንዱን ላንድክሩዘር ፖርቶመጋላ፣ የጣሪያውን ዕቃ መጫኛ፣ ሊያስበይድ ወደ ሱቄ መጣ። ብረቱ እስኪቀዘቅዝ ቁጭ ብሎ፣ «ጋሽ ግርማ፣ ፈረንጅ አሁን መኪና የሚከራየው በኢንተርኔት ነው አሉ። ያቺ ልጅህ እዚያ አንደኛ ታድርገኝ። ስንት ያስወጣል?» አለኝ።

«ሥራው የእሷ ነው፤ ዋጋውንም እሷ ትንገርህ» አልኩት። ልጆቼን ያላዩትን ሥራ ዋጋ እንዳይጠሩ አድርጌ ነው ያሳደግኳቸው። የማያውቀውን ሥራ የሚተምን ሰው ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ነገ ሌባ ይሆናል።

ሰላማዊት ጊዜ ጠየቀች። አለቃዋን አስፈቅዳ ከሥራ በኋላ እየቆየች፣ ፈረንጅ ኢትዮጵያ ውስጥ መኪና ለመከራየት ምን ብሎ ሊጽፍ እንደሚችል እያሰበች ኢንተርኔቱ ላይ ፈለገች። ማን እንደሚቀድም፣ ለምን እንደሚቀድም መረመረች። ከዚያ ደምሴን ሱቄ አስጠርታ እንዲህ አለችው፦

«ጋሽ ደምሴ፣ የኢንተርኔት ገጹን መሥራት ቀላል ነው፤ ሦስት ሺህ ብር ይበቃል። አንደኛ መሆን ግን ሌላ ነገር ነው። የኢንተርኔቱ መፈለጊያ የሚያስቀድመው ሌሎች ብዙ ገጾች ‹እሱ ጋ ሂዱ› እያሉ የሚጠቁሙትን ነው። ከፊትዎ ያሉት ዓመታት ቆይተዋል። ዓመት ሙሉ ብለፋ እንኳን ላይሳካ ይችላል። ለእሱ ዋጋ ብጠራልዎ እዋሻለሁ።»

ደምሴ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለሰውየው የሆነ ነገር ብናስጨብጠውስ?»

«ለየትኛው ሰውዬ?»

«ተራ ለሚያስይዘው ነዋ!»

«ሰው የለም፣ ጋሽ ደምሴ። ማሽን ነው።»

«ማሽንም ባለቤት አለው። እኔን ልጅ አታድርጊኝ። እሺ፣ ከአዲስ አበባ አንደኛ ማን ነው?»

«እዚሁ ጎፋ ያለው ወልዴ ነው» አለችው። እውነቷን ነበር። አንድ ጀርመናዊ እንግዳው አገሩ ሲመለስ የወልዴን ፎቶና ስልክ አድርጎ ገጽ ሠርቶለታል። ሌሎች የነዳቸው እንግዶችም በየገጻቸው ስለ ደግነቱ እየጻፉ ወደዚያው ይጠቁማሉ። ወልዴ ራሱ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ አያውቅም።

ደምሴ ከት ብሎ ሳቀ። «ወልዴ? ያ ጴንጤው? የመኪናውን በር በሽቦ ያሰረው?» ከዚያ ሳቁን አቋረጠ። «ታዲያ እሱን ማውረድ ምን ያስቸግራል? ሦስት ሺህም አልከፍል።»

«ቀልድህን ተው፣ ደምሴ» አልኩት። እኔም ሳቅሁ። የሚያወራው ስለ ታክሲ ተራ መሆኑ አልገባኝም። እሱ ዕድሜውን ሙሉ ፊተኛውን ቦታ የያዘው ከፊቱ የቆመውን ገፍትሮ ነው።

በሳምንቱ ቅዳሜ፣ ቀትር ላይ፣ ሱቄ ውስጥ ብረት ስቆርጥ የመስታወት መሰበር ሰማሁ። ድምፁ ከሱቄ አጠገብ ካለው ከወልዴ ደጃፍ ነበር። እጄ ላይ የነበረውን ፌሮ እንደያዝኩ ሮጥኩ።

የመኪናው የፊት መስታወት ረግፏል። ከደምሴ ሁለት የሚኒባስ ረዳቶች አንዱ መብራቶቹን በድንጋይ ይሰባብራል። ወልዴ በማግስቱ እንግዶች ይዞ ወደ አርባ ምንጭ ሊወርድ መኪናውን ሲያጥብ ነው የደረሱበት። እጆቹን ዘርግቶ ኮፈኑ ላይ ተደፍቷል፤ ልጁን ያቀፈ ይመስል ነበር። ደምሴ የጎማ መፍቻ ይዞ ከላዩ ቆሟል።

«ውረድ አልኩህ! ከአንደኛው ውረድ!»

«ኧረ በጌታ፣ ወንድሜ! የት ወጣሁና ነው የምወርደው?»

«ኢንተርኔት ላይ! የማታውቅ መሰልክ? አሁኑኑ ደውልና አስወርዱኝ በል!»

«እሺ፣ እደውላለሁ። ለማን ልደውል?»

ወልዴ ይህን የጠየቀው ከልቡ ነው። ደምሴ ግን የተሾፈበት መሰለውና በርግጫ ጎኑን አለው። ወልዴ ቃተተ፤ ኮፈኑን ግን አልለቀቀም። ሰላማዊት ከቤታችን እየሮጠች መጥታ መሀላቸው ገባች።

«ጋሽ ደምሴ፣ እሱ ምንም አያውቅም! ቢገድሉትም ከዚያ አይወርድም!»

እውነት ነው፤ ግን እውነት ለሰካራምና ለተቆጣ ሰው ጊዜ ይፈልጋል። አንዱ ረዳት በጥፊ ሲመታት ከግቢው የብረት በር ጋር ተጋጭታ ወደቀች። ቅንድቧ ተተርትሮ ደሙ ዓይኗን ሞላው። ወልዴ ሊያነሳት ቀኝ እጁን ሲዘረጋ የጎማ መፍቻው እጁ ላይ አረፈ። እኔ ብረት በብረት ላይ ሲወድቅ የሚያሰማውን ድምፅ ለምጃለሁ። ያን ቀን የሰማሁት ግን የታፈነ፣ ለስላሳ ነገር ነበር። የወልዴ ጣቶች ወደማይታጠፉበት ታጥፈው አየሁ።

ደምሴ መፍቻውን እንደገና አነሳ። አሁን የሚያየው የወልዴን ጭንቅላት ነበር።

በፌሮው ትከሻውን መታሁት። መፍቻው ከእጁ ወደቀ፤ እሱም ተንበረከከ። ደግሜ መታሁት። የመጀመሪያው ወልዴን ለማትረፍ ነበር። ሁለተኛው ግን ለማንም አልነበረም። የልጄን ደም አይቼ ነበርና እሱ እስኪጮህ ድረስ መስማት ፈለግሁ። ጮኸ። ረዳቶቹ ሸሹ። ሰፈርተኛው መጥቶ ያዘኝ።

ጣቢያ ስንደርስ መርማሪው ፖሊስ ቃላችንን ተቀብሎ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እሺ፣ ይህ ኢንተርኔት የምትሉት ቦታ በየትኛው ቀበሌ ነው?» አለ። ሰላማዊት ቅንድቧን በነጠላዋ እንደያዘች ልታስረዳው ሞከረች። መጨረሻ ላይ «በተራ የተነሳ ጠብ» ብሎ ጻፈ።

ሐኪሞች የወልዴን እጅ ሁለት ጊዜ ቀደዱት። ሦስቱ ጣቶቹ አሁንም አይታጠፉም፤ መሪ አጥብቆ መያዝ ስለማይችል ሾፌር ቀጥሮ ለመሥራት ተገደደ። ደምሴ ተፈረደበት። እኔም ስለ ሁለተኛው ምት ተፈርዶብኝ ቅጣት ከፈልኩ፤ ይግባኝ አላልኩም። በወልዴ በኩል ፓስተሩ፣ በእኛ በኩል የነፍስ አባቴ ተጨምረው ሽማግሌ ገባና ታረቅን። ደምሴ አንዱን ሚኒባስ ሸጦ ካሳ ከፈለ። ወልዴ ሲጨብጠው በግራ እጁ ነው የጨበጠው። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ» አለው። «ያ ቦታ ምን ይመስላል? አንተ አይተኸዋል?» ደምሴ መሬት መሬቱን እያየ፣ «እኔም አላየሁትም» አለ።

ለልጆቼ የምለው ይህንን ነው፦ በሰዎች ምስክርነት የተገኘ ቦታ በዱላ አይለቀቅም፣ በገንዘብም ቶሎ አይገዛም። ደምሴን በመምታቴ ተጸጽቻለሁ ብል ግማሹ ውሸት ነው። ደምሴ ‹ማውረድ ምን ያስቸግራል› ሲል መሳቄ ግን ሙሉ በሙሉ ይቆጨኛል። ዛሬ ለቅሶ ቤት ስንገናኝ ሰላምታ እንለዋወጣለን፤ ጎን ለጎን አንቀመጥም።

በእርቁ ዕለት ሽማግሌዎቹ የሁላችንንም ወጪ አስደመሩን። የወልዴ ሕክምናና ሥራ የፈታባቸው ወራት፣ የመኪናው መስታወትና መብራት፣ የልጄ ስፌት፣ የደምሴ ትከሻ፣ የጠበቃና የፍርድ ቤት፣ የእኔ ቅጣት። ሠላሳ ስምንት ሺህ ስድስት መቶ ብር ሆነ፤ ልጄ ለገጹ የጠራችው ሦስት ሺህ ነበር።