ስም ያልተጠየቀበት ለቅሶ

አማቴ እማማ ዋጋነሽ ለቅሶ ሲሄዱ አብሬያቸው መሄድ አልወድም ነበር። ሰው ሁሉ ከደጃፍ ጀምሮ እያለቀሰ ሲገባ፣ እሳቸው በሩ ላይ ቀጥ ብለው ይቆሙና ያገኙትን ሰው ክንዱን ይዘው «የሞተው ማን ነው? ስሙን ንገረኝ» ይላሉ። የሟቹን ስም በጆሯቸው ካልሰሙ እንባም የለ፣ መግባትም የለ። የገዛ እህታቸው ያረፉ ዕለት እንኳ ይህንኑ ሲጠይቁ ሰምቼ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብያለሁ። ቀራንዮ ሰፈር ሁሉ ያውቃቸዋል፤ «መዝጋቢዋ መጡ» እያለ ይስቅባቸዋል። እኔም ስቄባቸዋለሁ።

ምክንያቱን ያወቅሁት ልጃቸውን ፈጠነን ካገባሁ ከስንት ዓመት በኋላ፣ አንድ ቀን አብረን ምስር ስንለቅም ራሳቸው ሲነግሩኝ ነው። ነገሩ የሆነው በጣልያን ጊዜ፣ ከየካቲቱ ፍጅት በኋላ ባለው ዓመት ነው። ያን ጊዜ እማማ ዋጋነሽ ከኔ የመጨረሻ ልጅ ያንሱ ነበርና፣ ይቅር ይበሉኝ፣ እዚህ ላይ አንቱ አልላቸውም።

የዋጋነሽ ባል ገሜዳ የሜታ ሰው፣ ግንበኛ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ሥራ ሲጠፋበት፣ ጣልያን ጅማን እየገነባት ነው የሚል ወሬ ሰማና ቀድሞ ሄደ። ሥራም አንዲት ክፍል ቤትም አገኘ። ከዚያ ካሚዮን ላይ ጫኝና አውራጅ በሆነው በአጎቱ ልጅ በቦሩ በኩል «ክረምቱ ሳይገባ ልጁን ይዘሽ ነይ፤ ጊቤ ከሞላ እስከ መስቀል አንገናኝም» ብሎ ላከባት።

ጅማ ባዕድ አገር አይደለም። ቢሆንም ጣልያን አገሩን ቆራርሶ ለየብቻው ገዥ ስለሾመበት፣ ያለ ይለፍ ወረቀት ኬላ የሚያልፍ አልነበረም። ዋጋነሽ ደግሞ ተፈጥሮዋ ጭንቀታም ነው። ይህን እኔ ራሴ ዘመኔን ሙሉ አይቼዋለሁ፤ ለእንቁጣጣሽ የሚታረደውን ዶሮ በሰኔ የምታስብ ሰው ናት። ይለፉን ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት ደጃፍ ተሰልፋ ተራዋ ሲደርስ የጣልያኑ ቱርጁማን ማን ጠራሽ፣ ባልሽ ለማን ነው የሚሠራው፣ ለምን ብቻውን ሄደ እያለ ያፋጥጣት ነበር። እውነቱን እየተናገረች እንደ ሌባ ላብ ያጠምቃታል። ነገ ነይ ትባላለች፤ ነገ ትሄዳለች። በመሀሉ ላሟን ለአማቷ ሰጠች። ቤቱ ውስጥ የሚያድርላት ዘመድ ለመነች። የወፍጮ ድንጋዩን ልውሰደው ልተወው እያለች ስታወጣ ስታወርድ ሰነበተች። ውሻው ነገሩ ገብቶት ይሁን አይሁን እንጃ ከእግሯ ሥር አልነሣ አለ። ይህ ሁሉ ግን እንደምንም መላ ይገኝለታል። መላ ያጣችለት ጽዋው ነው።

የመድኃኔ ዓለም አጥቢያ ሰዎች የጽዋ ማኅበር ነበራቸው። በየወሩ በሃያ ሰባት ተራ የደረሰው ይደግሳል። ጽዋው፣ ማሰሮ ቢጤ ነው፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ በደጋሹ ቤት ይቆይና፣ ቀጣዩ ባለተራ በአባላቱና በንስሐ አባታቸው ፊት ተረክቦ ይወስደዋል። ዋጋነሽ ከዚያ በፊት ሁለት ሕፃናት ቀብራለች። ፈጠነ ሲወለድ «ይህን ካቆየህልኝ ጽዋህ በኔ እጅ አይቋረጥም» ብላ ለመድኃኔ ዓለም ተስላ ነበር። ጽዋው እሷ ቤት ገብቶ ሳለ ፍጅቱ መጣ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሰብስቦ የተገኘ ምን ትመክሩ ነበር ተብሎ ይወሰዳል፤ ከተወሰዱትም ያልተመለሱ አሉ። ማኅበሩ ሳይበተን እንደተበተነ ሆነ፤ ጽዋውም የሷ ጓዳ ውስጥ ከረመ።

ይዛው ልትሄድ አትችልም። የማኅበር ጽዋ ይዞ አገር የለቀቀ ሰው ከሌባ አይለይም። ከቤት ትታው ብትሄድ ደግሞ ስለቷን አፈረሰች ማለት ነው። ስለት የተሳለችለት ልጅ ደግሞ ጀርባዋ ላይ ታዝሎ፣ ስንቱን ነጋዴ ወባ ያስቀረበትን የጊቤን በረሃ ሊያቋርጥ ነው። በቃ ልጄ ይሞትብኛል አለች። ለማንም አልተናገረችም እንጂ ለራሷ ጠዋትና ማታ ትለዋለች፤ ልጁ ባነጠሰ ቁጥር እጇን ግንባሩ ላይ ታሳርፋለች።

የማኅበሩን አለቃ አቶ ተክለማርያምን ሄዳ ለመነቻቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ፍጅቱ ግን አጥንታቸው ውስጥ ገብቷል። ሰው መጥራት አልችልም፣ ያለ ምስክር ደግሞ ጽዋ አይሰጥም ብለው አሰናበቷት። ከዚያ በየአባላቱ ቤት ዞረች። አንዷ ጣራዬ ያፈሳል አለች። አንዱ ባለቤቴን ልጠይቅ አለ፤ እስከ ዛሬም እየጠየቀ ነው።

በመጨረሻ የመጣችው ያልተጠራችው ሰርኬ ናት። ሰርኬ ከአጥሩ ማዶ ጠላ ትሸጣለች። ከዋጋነሽ ጋር በጎርፍ መሄጃ ቦይ ተጣልተው መነጋገር ካቆሙ ቆይተዋል። ማኅበር ልግባ ብላ ጠይቃም ጽዋ ጠላ ቤት አይገባም ተብላ ተመልሳለች። ያን ቀን ግን በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ ብላ፣ ሰላምታም ሳትሰጥ፣ ጽዋውን እኔ እወስደዋለሁ አለች። እኔ ቤት ባንዳው ሲገባ ሲወጣ ይውላል፤ ሰው ቢሰበሰብ ጠላ ሊጠጣ መጣ ነው የሚባለው አለቻት።

ዋጋነሽ ደነገጠች፤ ከድንጋጤዋ ግን ነገሩ ልክ መሆኑ ቀድሞ ገባት።

«አባላቱ ሳያዩ አይሆንም፤ ሰው እንዴት ብሎ ይሰበሰባል?» አለች።

«በለቅሶ ነዋ። ለቅሶ ጣልያንም አይከለክል።»

«ማን ሞቶ?»

«የገሜዳ አጎት በያቸው። ስም አውጪላቸው። ያልተወለደ ሰው ቢሞት ማን ይጎዳል?»

ዋጋነሽ ሞት በአፍ አይጠራም ብላ ሁለት ቀን እንቢ አለች። በሦስተኛው ቀን ወረቀትሽ ደርሷል፣ መጥተሽ ውሰጂ የሚል መልእክት መጣባት። ወረቀቱ ደግሞ ቀን አለው፤ ካለፈ አለፈ ነው። እንግዲህ ምን ታድርግ? ገረሱ የሚባል አጎት ፈጠረች። አቶ ተክለማርያምም ነገሩን ሰምተው፣ ለቅሶ ከሆነስ እመጣለሁ አሉ።

በማግስቱ ማለዳ ሰርኬ የዋጋነሽ ደጅ ላይ ቆማ እሪ አለች። ዋጋነሽ የጠበቀችው የማኅበሩን ሰዎችና ጥቂት ጎረቤት ነበር። የመጣው ግን ግቢው አልበቃውም። ከፍጅቱ ወዲህ በዚያ ሰፈር ስንቱ ሰው ሞቶበት ሬሳውን አላገኘም፤ ያገኘውም አፉን በነጠላ ይዞ በሌሊት ነው የቀበረው። አሁን የሚለቀስበት ቤት ሲገኝ ያ ሁሉ ታፍኖ የቆየ ሰው መጣ። ሟቹ ማን ነው ያለ አልነበረም። አንዷ ወንድሟን፣ አንዷ ልጇን በስም እየጠራች ደረቷን ትደቃለች። ዋጋነሽ የውሸት ልታለቅስ ተቀምጣ ሁለቱን ሕፃናቷን አስታወሰችና የእውነቷን አለቀሰች። እማማ ይህን ሲነግሩኝ ምስሩን ከፊታቸው ገፋ አደረጉት።

ከዚያ አባላቱ አንድ በአንድ ወደ ጓዳ ገቡ። የንስሐ አባታቸው ጸሎቱን በሹክሹክታ ጀመሩት፤ የውጪው ለቅሶ ሸፍኖት ኋላማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። አቶ ተክለማርያም ሰርኬን ትረከቢያለሽ ወይ አሏት። እረከባለሁ አለች። ያቺ ምላሷ ሰፈር የሚያስደነግጥ ሴትዮ ጽዋውን ስትቀበል ተንበርክካ ሳመችው።

በዚህ መሀል ቦሩ መጣ። ጅማ ሊሄድ ካሚዮኑ እየተጫነ ነበርና፣ ለገሜዳ የምትልከው እንዳለ ሊጠይቃት ብቅ ማለቱ ነው። ግቢው በለቅሶ ተናውጧል። ዋጋነሽን በዓይኑ ፈለጋት፣ የለችም፤ ጓዳ ናት። ልጁን ፈለገ፣ የለም፤ ጩኸቱ እንዳያስበረግገው አማቷ ቤት ተኝቷል። ቢጠይቅ የአጎትህ የገረሱ ለቅሶ ነው ይሉት ነበር፤ ገረሱ የሚባል አጎት እንደሌለው ደግሞ ከማንም የበለጠ እሱ ያውቃል። አልጠየቀም። በዚያ ቤት ከሁለቱ ሌላ የሚለቀስለት ሰው አልታየውም፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ መስማቱን ፈራው። በሩ ላይ ቆሞ አለቀሰና ካሚዮኑ እንዳያመልጠው ተመለሰ።

ዋጋነሽ የተነሣችው ከዚያ ቀናት ቆይቶ ነው። ከዘነበወርቅ ወዲያ ባለው ኬላ ወታደሩ ጓዟን ዘርግፎ ሲበረብር፣ ጽዋው የሌለበት ጓዝ መሆኑን እያወቀች ዓይኗን ጨፈነች። ወረቀቷን አገላብጦ አይቶ ሂጂ አላት። የተሳፈረችበት ካሚዮን ወልቂጤ ሳይደርስ ዝናብ ያዘውና ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ሰነበተ። ጊቤ ሲደርሱ የፈራችው ደረሰ፤ የፈጠነ ገላ እንደ እሳት ፈጀ። ስለቴን ጠብቄ ምን አጠፋሁ ብላ አሰበችና መልሱን ራሷ አገኘችው፤ በጽዋው ፊት ዋሽቻለሁ፣ ሞትን በአፌ ጠርቻለሁ፣ የተጠራ ደግሞ ይመጣል። ተሳፋሪው ሲያንቀላፋ እሷ የልጁን ትንፋሽ ስታዳምጥ ነጋ። ለካ ፈጠነ የመንጋጋ ጥርስ እያበቀለ ኖሯል። ባሌ ዛሬም ትንሽ ሲያመው ያገር ሰው ካልሰማ አይወድም።

ጅማ ስትገባ የልጁ ትኩሳት በርዷል፤ እሷም ትንሽ ልቧ መለስ ብሏል። የግንበኞቹን ሰፈር ጠይቃ ደረሰች። መንገድ ላይ ያገኘችው ሰው የገሜዳን ስም ስትጠራ አንገቱን ደፋና በእጁ ብቻ አመለከታት። ወደዚያ ስታይ ከደጃፉ ላይ ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

ያን ጊዜ የሞተው ማን ነው ብላ ብትጠይቅ ኖሮ እላለሁ እኔ። ግን ማን ይጠይቃል? ለቅሶ ቤት ሲደረስ ይለቀሳል እንጂ አይጠየቅም። የፈጠረችው ሞት ባሏን ቀድሞ እንደወሰደባት አልተጠራጠረችም። ጓዟን መንገድ ላይ ጣለችና «ገሜዳዬ፣ እኔው በአፌ ገደልኩህ» እያለች ደረቷን እየደቃች ገባች። ለቀስተኞቹም የሟቿ እህት መጣች ብለው ይሆናል፣ አብረው ጮኹ።

ገሜዳ ውስጥ ነበር። ራሱን ተላጭቶ፣ ቦሩ ካረዳው ቀን ጀምሮ፣ ከሁለቱ የትኛው እንደሞተ የሚነግረው ሰው ስላልነበረ ለሁለቱም ሲያለቅስ ሰንብቷል። የሞተች ሚስቱ ስሙን እየጠራች ስታለቅስ ሰማ። መቃኑን ይዞ ወጣ። ዋጋነሽ አየችውና ደረቷን መድቃት ተወች። ገሜዳ ግን እሷን እንዳየ ደስ አላለውም፤ እንዲያውም ፊቱ ጠቆረ። እሷ ካለች የሞተው ሌላኛው ነው ማለት ነዋ።

«ልጁስ?» አላት።

አንቀልባዋን ፈታች። ፈጠነ ጩኸቱ ቀስቅሶት ኖሮ ሲወርድ አለቀሰ። ገሜዳ ተቀበለውና እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ለቀስተኞቹ አንዱ ሲስቅ አንዱ ሲያለቅስ፣ ለለቅሶ የመጣውን ንፍሮ አብረው በሉት።

ጣልያን ሲወጣ ወደ ቀራንዮ ተመለሱ። ሰርኬ ጽዋውን ባንዳ በሚጠጣበት ቤት፣ ከጠላ ጋኖቿ መሀል አስቀምጣ፣ አንድም ወር ዝክሩን ሳታስታጉል ጠብቃቸዋለች። የቦዩን ነገር ሁለቱም ደግመው አላነሡትም።

እማማ ዋጋነሽ ባለፈው ዓመት አረፉ። ድንኳኑ ተጥሎ ሰው መምጣት ሲጀምር የቤቱ ምራት ነኝና ከሴቶቹ መሀል መቀመጥ ነበረብኝ። አልተቀመጥኩም። ወጥቼ በሩ ላይ ቆምኩ፤ እያለቀሰ የሚገባውን ሁሉ፣ የሚያውቀውንም የማያውቀውንም፣ ክንዱን እየያዝኩ ነገርኩት።

«እማማ ዋጋነሽ ናቸው» አልኩ። «ልጃቸው ደህና ነው።»