የእናቴ ያልተወለዱ የልጅ ልጆች

አርብ ነበር። ዖሜር ከተማ ከማስታምማቸው አሮጊት ቤት በጊዜ ወጥቼ፣ ቤርሼባ ዳሌት ሰፈር እናቴ ዘንድ ስደርስ፣ እሷና ልጄ ምንጣፍ ላይ ትልቅ ወረቀት ዘርግተው ተቀምጠዋል። ልጄን ከትምህርት ቤት የዘር ሐረግሽን ሥሪ ብለዋት ነው። እኔን፣ እዚህ እስራኤል የተወለደውን ወንድሜንና አምስት ልጆቻችንን ጽፋ ጨርሳለች።

«በቃ ይኸው ነን?» አለች በዕብራይስጥ። «ጓደኛዬ ወረቀት አልበቃትም።»

እናቴ ወረቀቱን አየት አድርጋ፣ «ሦስቱን ረሳሻቸው» አለቻት በአማርኛ።

ሦስቱ ታላላቆቼ ናቸው። ወደዚህ ለመምጣት በእግር ሱዳን ስንገባ፣ እዚያው መጠለያ ውስጥ በአንድ ክረምት በበሽታ አለቁ። እኔ በጀርባዋ የታዘልኩ ሕፃን ነበርኩ። እናቴ ስማቸውን አታነሳም ነበር።

ልጄ ጻፈቻቸው። «እማማ፣ ቢኖሩ ስንት ይወልዱ ነበር?»

ትቆጣለች ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን ዓይኗን መስኮቱ ላይ ተክላ፣ የሚታያትን እንደሚናገር ሰው ቀስ ብላ ጀመረች።

«ትልቋ ስድስት ወልዳለች፤ መንታ አላት። እዚህ አጠገብ ለሃቪም ከተማ ነው ቤቷ፤ ግቢዋ ሎሚ አለው። ተከታዩ አውቶቡስ ነጂ ነው። አራት አሉት፤ የበኩር ልጁ ዘንድሮ ትወልዳለች።»

«ከልጆቻቸው እኔን የሚመስል አለ?» አልኳት ሳላስበው።

«የለም። እነሱ ወሬ አያበዙም።»

ልጄ እየሳቀች ሌላ ወረቀት አጣብቃ ቀጠለች። ሐረጉ ምንጣፉን አልፎ በሩ ጋ ደረሰ። እንዳልረግጣቸው እግሬን ሰበሰብኩ።

«የጎረቤቶቻችንም ልጆች እንዲሁ ሱዳን ቀርተው የለ?» አለች ልጄ። «ሁሉም ቢመጡ ዳሌት ይበቃን ነበር?»

«ኧረ ቤርሼባም አይበቃን!» አለች እናቴ።

ወደ ውጭ አየሁ። ከፊት ለፊት ባሉት ሕንፃዎች ሰገነት ሁሉ የማላውቃቸው የእህቴና የወንድሜ ልጆች ልብስ ሲያሰጡ ያየሁ፣ ከላይ ወደ ታች ሲጠራሩ የሰማሁ መሰለኝ።

«ትንሹስ?» አለች ልጄ።

«እሱ አላገባም።»

«ለምን?»

«ከኔ ጋር ነው የሚኖረው» አለች እናቴ። ልጄ እርሳሱን አስቀመጠች፤ ሄዳም እቅፏ ውስጥ ገባች። ሰንበት ሊገባ ስለነበር ወረቀቱን እኔ ጠቀለልኩት።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ስለ ሦስቱ ታወራኛለች። ባለፈው ሳምንት ሐኪም ቤት ተራ ስንጠብቅ፣ «እህትሽ እኮ አህያ ትፈራ ነበር» አለችኝ ድንገት፣ እየሳቀች።