ለፋሲካ የተቀመጠው ምግብ

ዳንግላ፣ ንጋት 12 ሰዓት

መጋቢት 2006፣ የዐቢይ ጾም እኩሌታ ነው። ከታላቅ እህቴ ከአንጓች ጋር በጋሪ ወደ መናኸሪያ እየሄድን ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አንጓች የኤችአይቪ መድኃኒት ከጀመረች አራት ዓመት ሆናት፤ ከቤተሰቡ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ጎረቤት እንዳያያት ብላ መድኃኒቷን የምትወስደው ቆሰበር ድረስ ሄዳ ነው። በስልክ ድምፅዋ አልጥም ቢለኝ ትናንት ከባሕር ዳር መጣሁ። ጋሪው ላይ ስትወጣ ክንዷን ደገፍ አደረግሁና ደነገጥሁ። አጥንት ብቻ ነው የያዝሁት።

መንገድ ላይ

ከአዲስ ቅዳም ወዲያ ጭጋግ ነው። ግራና ቀኝ የከሰል ጆንያ ተደርድሯል፤ የተጫኑ ፈረሶች፣ ድንች ያዘሉ ሴቶች ወደ ገበያ ይወርዳሉ። ረዳቱ ለሦስት ሰው መቀመጫ አምስተኛ ሰው ሊጨምር ፈልጎ፣ አንጓችን አየና “እሷ እንኳ ቦታ አትይዝም፣ ጠጋ በሉ” አለ። ተሳፋሪው ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች። እኔ ግን ንድድ አልሁ።

ቆሰበር፣ 3 ሰዓት

በወረቀት ላይ እንጅባራ ነው፤ ሰዉ ግን ቆሰበር ይለዋል። ጤና ጣቢያው ውስጥ ሲስተሯ አንጓችን ሚዛን ላይ አወጣቻት። አርባ አንድ ኪሎ። ካለፈው ወር በሁለት ቀንሳለች።

“ፓኬቱን እየበላሽ ነው?”

“እበላለሁ።”

“በቀን ስንት?”

“እንዳላችሁኝ።”

ፓኬት የሚሉት ከለውዝና ከወተት ዱቄት የተሠራ፣ ለከሱ ታካሚዎች የሚሰጥ ለስላሳ ምግብ ነው። ሲስተሯ ካርዱን እያገላበጠች ቆየችና ወደ እኔ ዞረች። “መድኃኒቱ ብቻውን ምን ያደርጋል? ሰውነት ስንቅ ይፈልጋል። እንዲህ ከቀጠለች ያሰጋታል” አለችኝ። ሌላ ፓኬት ጨምራ ሸኘችን።

ቆሰበር፣ 7 ሰዓት

ምግብ ቤት ገባን። እኔ ሽሮ አዘዝሁ፣ አሥራ አምስት ብር። እሷ ውሃ እንኳ አልቀመሰችም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች።

“ታዲያ ፓኬቱን መቼ ነው የምትበይው፣ እትዬ?”

“ወተት አለበት እኮ። ለፋሲካ አስቀምጨዋለሁ።”

ጉርሻዬን መልሼ ትሪው ላይ አስቀመጥሁ። ከቅበላ ወዲህ የተሰጣት ሁሉ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል።

“ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸውና ይፍቀዱልሽ።”

“ምን ሆነሽ ነው ቢሉኝስ?”

“ጨጓራ ነው በያቸው።”

“ለንስሐ አባት ይዋሻል? አንተ ከተማ ገብተህ ተበላሽተሃል።”

እውነቷን ነው። ቢሆንም ተናድጄ “እንግዲያው ከነጾምሽ ትሞቻለሽ” አልኋት። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ወዲያው ጸጸተኝ፤ የተባለ ነገር ግን አይመለስም።

ዳንግላ፣ 11 ሰዓት

ከሚኒባሱ ስንወርድ እጄን ያዘች። “በል አባ ዘንድ አድርሰኝ፤ ብቻዬን አልችልም” አለች።

የንስሐ አባቷ ከቅዳሴ ወጥተው የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆመዋል። መስቀል ተሳለመች።

“ይፍቱኝ አባ። አሞኝ ሐኪም ምግብ ሰጥቶኛል፤ ወተት አለበት።”

“ታዲያ ብዪዋ ልጄ። የታመመን ማን ጹም አለው?” አሉና ወደሚቀጥለው ሰው ዞሩ።

በቃ። ምን ሆነሽ ነው አላሏትም። አንድ ወር ሙሉ በረሃብ የተቀጣችው ይህችን ጥያቄ ፈርታ ነበር።

ቤት ገብተን ሳጥኑን ከፈተች። እስከ አፉ ሞልቷል። አንዱን ቀድጄ ሰጠኋት። ትንሽ ቀመሰች፤ ለመዋጥ ስትታገል ፊቷ ተኮማተረ፤ መልሳ በነጠላዋ ጫፍ ተፋችው።

“ጉሮሮዬ ቆስሏል፣ ወንድምዬ። ምንም ካልወረደልኝ ሰንብቷል።”

“ለሲስተሯ ለምን አልነገርሻትም?”

“ፓኬቱን አለመብላቴን ታውቅብኛለች ብዬ።”

በነጋታው ተመልሰን ቆሰበር ለመሄድ ተስማማን። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ማልቀስ ጀመርሁ። አንጓች ትከሻዬን ነካ አደረገችና “ቀስ በል፣ ጎረቤት ይሰማል” አለችኝ።