ሁለት ሽፋን ያላት መጽሔት

ገዳሪፍ ሳለሁ ከአንዲት ሱዳናዊት ባልደረባዬ ጋር በአማርኛና በዐረብኛ መጽሔት እናዘጋጅ ነበር። ዐረብኛ ከቀኝ ስለሚነበብ፣ የፊት ሽፋኑ የማን ይሁን በሚለው ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ በሁለቱም በኩል ሽፋን አደረግንላት፤ ጽሑፎቹ መሃል ላይ ይገናኛሉ።

ለዚያ መሃል ገጽ የሚሆን ነገር ስንፈልግ፣ አንዲት የጎንደር ሴት የወንድሟን ፎቶ ይዛ መጣች። ሰሊጥ ሊያጭድ ቁረይሻ ወደሚባለው የሱዳን እርሻ አካባቢ ከወረደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቶባታል። ፎቶውን በሁለቱ ገጾች ላይ ዘርግተን ከሥሩ በሁለቱም ቋንቋ መግለጫ ጻፍን።

«ፊቱ እጥፋቱ ላይ እንዳይወድቅ» አለችኝ ባልደረባዬ። ወደ ግራ ገፋሁት።

ከሳምንታት በኋላ አንድ የትራክተር ነጂ የዐረብኛውን አንብቦ ደወለልን። ወንድምየው ኸሽም ኤል ቂርባ በምትባል ከተማ ታሞ ተኝቶ ነበር። እህቱ ሄዳ ይዛው ተመለሰች።

መጽሔቷን ስናሳየው ፎቶውን ትክ ብሎ አየና፣ «ከዚህ የተሻለ ፎቶ አልነበረሽም?» አላት እህቱን።