የኦቲሊ መጥረጊያ

መጥረጊያው ደጃፍ ላይ ከተሰቀለ ኦቲሊ እግሯ አያርፍም። ጠላ ቤት ደጃፍ ላይ ጣሳ እንደሚሰቀለው ሁሉ፣ ጀርመን አገር ማይን ወንዝ ዳር ባለችው በዚያች የወይን ከተማ መጥረጊያ የሰቀለ ገበሬ ሳሎኑን ለጠጪ ከፈተ ማለት ነው፤ የመጣ ሁሉ ይገባል፣ ማንም አይመለስም። ኦቲሊ ወይን ጠጁን ትቀዳለች፣ የሽንኩርት ኬኩን ትቆርጣለች፣ ደግሞ ወደ መስኮቱ ትሮጣለች። ጎብኚዎች ያን አሮጌ የእንጨት ቤትና መስኮቱ ላይ ያሉትን ቀያይ አበቦች ፎቶ ሲያነሱ እሷንም አብረው ያነሷታል። እሷ ግን የምታየው ከመንገዱ ማዶ ያለውን የእህቷን የሴንታን በር ነው።

እናታቸው በሞቱ ሰሞን በአንዲት ጠባብ የወይን ቦታ ውርስ ተጣልተው ሆድና ጀርባ ሆኑ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅምና ኦቲሊ፣ «በሕይወት እያለሁ ይህን ደጃፍ እንዳትረግጪ» አለቻት። ሳያድር ቆጫት፤ ኩራቷ ግን አላስኬዳት አለ። መጥረጊያው ሲሰቀል ሴንታ እንደ ማንኛውም ጠጪ ገብታ ትቀመጣለች፣ ይቅርታ የሚባል ጣጣ ሳይነሳ ነገሩ ያልቃል ብላ ጠበቀች። ስንት መከር አለፈ።

አሁን ሴንታ ቤቷን ሸጣለች። ነገ ልጇ ዘንድ ወደ ሰሜን ትሄዳለች።

«ኧረ ተቀመጪ አንቺ ሴት፤ ከወይኑ ይልቅ የአንቺ መንቆራጠጥ አዞረኝ» አላት ሽማግሌው ጎረቤቷ አልባን።

«ጠጣና ዝም በል።»

«ማንን እንደምትጠብቂ አገር ያውቃል። መንገዱ እንደሆነ ወንዝ የለበት።»

ኦቲሊ ተናደደች። ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች፣ ተወችው፤ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ መንገዱን ተሻገረች።

ሴንታ ካርቶን በገመድ እያሰረች ነበር።

«ይሄን ሁሉ ዓመት መጥረጊያ ስሰቅል አላየሽም?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ብትገቢ ምን ነበረበት?»

ሴንታ ገመዱን ቋጥራ ቀና አለች። «እሱማ ለአላፊ አግዳሚው ነው። የተወለድኩበት ቤት ሂሳብ ከፍዬ ልግባ? ትጠራኛለች እያልኩ እኔም መስኮት ላይ ነው የከረምኩት።»

በከንቱ ያለፈው ጊዜ ኦቲሊን አንገበገባት፣ እንባዋም መጣ።

«ነይ እህቴ፣ ቤት ገብተን እራት እንብላ።»

«መኪናው እኮ በጠዋት ነው የሚመጣው።»

«አውቃለሁ።»

ሴንታ ሹራቧን ፈለገች። ሁሉም ታሽጎ ስለነበር እንዲሁ ከኦቲሊ ጋር ወጣች።