የጠረግኩት ሰልፍ

አባቴ ናዝሬት አውቶቡስ ተራ ድረስ ሊሸኘኝ መጥቶ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሳምንት አትቆዪም» አለኝ። «ሥራው ከብዶሽ አይደለም። አፍሽ ነው የሚመልስሽ።»

ቢለኝ አይፈረድበትም። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ነጥቤ ለዩኒቨርሲቲ ሳይበቃ ቀርቶ፣ የታይፕ ሰርተፊኬቴን በፌስታል ጠቅልዬ ናዝሬትን ከዳር እስከ ዳር ስዞር ዓመት ከመንፈቅ አልፎኝ ነበር። ያለችኝ አንድ ጥቁር ጉርድ ቀሚስ ናት፤ ማታ አጥባታለሁ፣ ጠዋት እለብሳታለሁ። የጫማዬ ሶል ስላለቀ ውስጡን በካርቶን ሞልቼዋለሁ። ማመልከቻ ላይ ቴምብር ይለጠፋል፣ ቴምብር መግዛት አለብኝ፣ ስለዚህ ጋሪ የሚባል ነገር ረስቼ ሁሉም ቦታ በእግሬ ነው የምሄደው። የናዝሬት ነፋስ ደግሞ ለሥራ ፈላጊ አያዝንም። ተበጥሬ ወጥቼ መሥሪያ ቤት በር ላይ ስደርስ ከወፍጮ ቤት የመጣሁ ነው የምመስለው።

አንድ ቦታ ለፈተና ጠሩኝ። በታይፑ አንደኛ ወጣሁ። ከዚያ ሰውየው፣ «የሥራ ልምድ አለሽ?» አለኝ።

«ካልቀጠራችሁኝ ልምዱን ከገበያ ልግዛው?» አልኩት።

ፋይሉን ዘጋው። ወሬው ወንጂ ድረስ ሄዶ ስኳር ፋብሪካ የሚሠራው አባቴ ጆሮ ገባ። አፍሽ ያለኝ ያንን ነው።

ከዚያ በኋላ የሥራ ፈላጊዎች መመዝገቢያ መስኮት ፊት በየቀኑ መቆም ጀመርኩ። መቆም ስል፣ ጎህ ሲቀድ ሄጄ በድንጋይ ቦታ እይዛለሁ፣ ድንጋዬን ግድግዳው ሥር አስቀምጬ ተመልሼ ቁርሴን እበላለሁ፣ መስኮቱ ሲከፈት በድንጋዬ ቦታ እገባለሁ። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ሴትዮ መልኬን ጠላችው።

«ዛሬም አንቺ ነሽ?»

«ከትናንት ወዲህ የቀጠረኝ የለም።»

አንድ ቀን ሰለቻት መሰለኝ፣ ብጣሽ ወረቀት ጽፋ ወረወረችልኝ። ከመቂ ወዲያ ያለች ትንሽ ከተማ፣ የቀበሌ ኅብረት ሱቅ፣ ረዳት ሻጭ፣ አርባ አምስት ቀን ሙከራ። «ሙቀት ነው፣ ወባ ነው፣ ማንም አልፈልግም ያለው ነው» እያለች ስትዘረዝር እኔ ወረቀቱን ይዤ በሩ ጋ ደርሻለሁ። የምመለስበት ቤት አልነበረኝማ። ናዝሬት ያረፍኩበት የአክስቴ ቤት ጠብቧል፤ ወንጂ መመለስ ደግሞ አባቴ ልክ ነበር ማለት ነው። አርባ አምስት ቀን ብቻ አፌን ይዤ መክረም ነበረብኝ።

የተከራየሁት አንዲት ክፍል ናት። አከራዬ ከወሎ መጥተው እዚያው የቀሩ ጨውና በርበሬ ነጋዴ ናቸው። ኪራዩን ቀነሱልኝ፤ በለውጡ ውኃ እቀዳላቸዋለሁ፣ ለመሠረተ ትምህርት ፈተናቸው ፊደል አስጠናቸዋለሁ። ቲማቲም በዚያ አገር እንደ ልብ ነው፣ ቁርስም ምሳም እራትም ቲማቲም ፍትፍት ሆነ። ሻይ እጠጣለሁ፣ ስኳር ግን የለውም። ስኳር በካርድ ሆኖ በወር አንዴ ነው የሚመጣው፤ እኔ ደግሞ አዲስ ስለሆንኩ ካርዴ ገና አልወጣም። አባቴ ማታ ማታ ልብሱ ሞላሰስ ሞላሰስ እየሸተተ የሚገባ፣ የስኳር ፋብሪካ ልጅ ነኝ እንግዲህ።

ሁለት ሳምንት በሰላም ሠራሁ። ሳሙና መዘንኩ፣ ጋዝ ቀዳሁ፣ ዝም አልኩ። በሦስተኛው ሳምንት የሱቁ ኃላፊ ጠሩኝ። ቀጭን፣ ሲናገሩ ቁልፋቸውን የሚያሽከረክሩ ሰው ናቸው።

«ነገ ስኳር ይታደላል። ከአውራጃም እንግዶች ይመጣሉ። ግቢው ይጽዳ።»

በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ መጥረጊያ ይዤ ደረስኩ። ግቢው መሃል ትልቅ ግራር አለ፤ ሥሩ በቆሻሻ ተሞልቷል። የተሰበረ የገንቦ አንገት፣ ግማሽ ጡብ፣ የዛገ ጣሳ፣ የበሬ ቀንድ፣ በጨርቅ የታሰረ ድንጋይ፣ የጆግ እጀታ፣ ብቻዋን የቀረች ሸበጥ። ሰው እንዴት ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሻሻ ይጥላል እያልኩ፣ በልቤ እየተሳደብኩ፣ ሁሉንም ጠርጌ ከሱቁ ጀርባ ጉድጓድ ውስጥ ከመርኩት። ግቢው አማረ። ቆሜ አየሁትና ደስ አለኝ።

ሰዉ ቁርሱን በልቶ ሲመጣ ነው ነገሩ የገባኝ። አንዲት ሴት የግራሩን ሥር አየች፣ እኔን አየች፣ መጥረጊያውን አየች።

«ሰልፋችን የት ሄደ?» አለች።

ናዝሬት ድንጋይ የሚሰለፈው ግድግዳ ተከትሎ ነው፣ ቀጥ ብሎ። እዚህ ግን ፀሐዩ አያስቆምም፤ ሰዉ ዕቃውን የሚያስቀምጠው ጥላውን ተከትሎ ስለሆነ ሰልፉ ይጠማዘዛል። እኔ ደግሞ የተበተነ ቆሻሻ መሰለኝ። ስንት ጠዋት በድንጋይ ቦታ የያዝኩ ሰው፣ መጥረጊያ ሲሰጡኝ የሰው ድንጋይ ማወቅ አቃተኝ።

ጉድጓዱ ውስጥ ገብቼ አንድ ባንድ አወጣሁት። ሰዉ ተሻምቶ ዕቃውን አነሳ፣ ከዚያ ሁሉም መስኮቱ ላይ ተረባረበ። ስኳሩ ለሁሉም እንደማይበቃ ማንም ያውቃል፤ ከኋላ የቀረ ባዶ ቅርጫቱን ይዞ ነው የሚመለሰው። ኃላፊው በሩ ላይ ቆመው ቁልፋቸውን ያሽከረክራሉ።

«ሰልፉን አስተካክለሽ በሰላም ከታደለ ትቀጥያለሽ» አሉኝ። «እንግዶቹ መጥተው ይሄንን ካዩ ግን የስንብት ደብዳቤሽን በታይፕ የምትጽፊው ራስሽ ነሽ።»

ባዶ ሳጥን ላይ ወጣሁ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። «ሰልፋችሁን ቆሻሻ መስሎኝ ጠረግኩት።»

«እኛንስ መቼ ልትጠርጊን ነው?» አለ አንዱ።

«ተምራ ተምራ መጥረጊያ ጨበጠች» አለች ሌላዋ። ሳቁ።

«አንደኛ የነበረው ማነው?» አልኩ።

ዐሥራ አንድ ሰው እጁን አወጣ።

አንድ ከከተማው ዳር የሚያርሱ የኦሮሞ ሽማግሌ ቀንዳቸውን ይዘው አጠገቤ ቆመዋል። «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ስኳር የተራበን ሰው ቦታህ የት ነው ብለሽ ትጠይቂያለሽ?»

ያኔ የናዝሬት መስኮት ትዝ አለኝ። እዚያ ስቆም ስንተኛ እንደነበርኩ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ከድንጋዬ ፊት የነበረውን ግን እስካሁን አልረሳሁትም፤ አንገቷ የተሰበረ ሰማያዊ ጠርሙስ ናት። ባለቤቷ በቀረ እያልኩ ስንት ጠዋት አፍጥጬባታለሁ። ሰው የራሱን ቦታ ይዋሽ ይሆናል እንጂ ከፊቱ የቆመበትን አይረሳም።

«ስንተኛ እንደነበራችሁ እንዳትነግሩኝ» አልኩ። «ከዕቃችሁ ፊት የነበረውን ዕቃ ብቻ ንገሩኝ።»

ሽማግሌው ፈገግ ብለው ቀንዳቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ከኔ ፊት ግማሽ ጡብ ነበር።»

«ጡቡ የማነው?»

«የኔ። ከኔ ፊት ጣሳ።»

«ባለ ጣሳ?»

«ከኔ ፊት የገንቦ አንገት።»

የገንቦው አንገት ባለቤት ልጅ ያዘለች ዝምተኛ ወጣት ናት። ከዐሥራ አንዱ ውስጥ አልነበረችም፤ እጇንም አላወጣችም። «ከኔ ፊት የግራሩ ግንድ ነበር» አለች ቀስ ብላ። ከኋላ የሆነ ሰው፣ «ዐሥራ አንዱም ዋሾ» አለና ሰዉ በሳቅ አውካካ። አንደኛዋን ግንዱ ሥር አቆምኳት።

ከዚያ ወደ ኋላ ቀጠልኩ። «ከፊቱ ቀንዱ የነበረውስ?»

ሁለት ሰው ወጣ። አንደኛዋ በጨርቅ የታሰረ ድንጋይ የያዘች ሴት ናት። ሁለተኛዋ የጆግ እጀታቸውን ከፍ አድርገው የያዙት አከራዬ ናቸው።

«ቀንዱን በዓይኔ ነው ያየሁት» አሉ። ከዚያ እኔን አዩኝ። ዓይናቸው የሚለው ገብቶኛል፤ ውኃው፣ ክፍሏ፣ የተቀነሰው ኪራይ። ሰዉም የማን ተከራይ እንደሆንኩ ያውቃል፤ ሁሉም የኔን ፊት ነው የሚያየው።

«ከፊቱ የጆግ እጀታ የነበረው ማነው?» አልኩ።

«እኔ ነኝ» አለ አንድ አናጢ ከወደ ኋላ። «ከኔ በኋላ ግን የመጣ ሰው የለም። የመጨረሻው ነኝ።»

ከመጨረሻው ሰው ፊት ከነበሩ ቀንዱ አጠገብ ሊሆኑ አይችሉም።

«እትዬ» አልኩ፣ «ቦታዎ እዚያ ከአናጢው ፊት ነው።»

«እኔን ነው?»

«እርስዎን ነው።»

«ማታ የት ልታድሪ ነው?»

«እሱን ስኳሩ ሲያልቅ እንነጋገርበታለን።»

ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ማንንም ሳያዩ ወደ ኋላ ሄዱ። ከዚያ በኋላ መጠየቅ እንኳ አላስፈለገኝም። አንድ ሰው አቀርቅሮ ሦስት ቦታ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ሌላው ተከተለው፣ እርስ በርሳቸው «አንተ ከሸበጧ ኋላ ነበርክ» እየተባባሉ ራሳቸው ጨረሱት። ሰልፉ ጥላውን ተከትሎ እንደነበረው ተጠማዝዞ ቆመ።

እንግዶቹ ሲመጡ ግማሹ ወስዷል። አንዱ ኃላፊውን፣ «ሌላ ቦታ በስኳር ቀን ድብድብ ነው፣ እዚህ እንዴት ጸጥ አለ?» አላቸው።

«እኛ ጋ የተለመደ ነው» አሉ ኃላፊው፣ ቁልፋቸውን እያሽከረከሩ። እኔ እየመዘንኩ ነው፣ ቀና አላልኩም። አፌንም አልከፈትኩም፤ ይሄን አባቴ ባየልኝ።

አከራዬ ተራቸው ሲደርስ ጆንያው ሥር ስኳር አለ። የሳቸውን መዘንኩ። ለአናጢው ደግሞ ጆንያውን ገልብጬ፣ አራግፌ ሞላሁለት። ሰው ባዶውን አልተመለሰም።

ቤት ስገባ አከራዬ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሻይ አፍልተዋል። ዕቃዬን አውጥተውት ይሆናል ብዬ ክፍሌን አየሁ። በሩ እንደዘጋሁት ነው።

«አብሽሪ» አሉኝ። «ለኔ ያላደላሽ ለማንም አታደዪም። ነይ ጠጪ።» ሻዬ ላይ ስኳሩን ራሳቸው ጨመሩልኝ፣ ሁለት ማንኪያ። ከናዝሬት ከወጣሁ ጀምሮ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

አርባ አምስተኛው ቀን ላይ ኃላፊው በእጅ የተጻፈ ወረቀት ሰጡኝና፣ «ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሄደሽ በታይፕ ጻፊው» አሉኝ። የቋሚነት ደብዳቤዬ ነው። አንድም ፊደል ሳልሳሳት፣ በካርቦን ሦስት ኮፒ አወጣሁ። አንዱን ኮፒ ከነታሪኩ ወንጂ ለአባቴ ላክሁ።

በሚቀጥለው የስኳር ቀን እንደ ልማዴ ማልጄ ሄድኩ። አሁን የምጠርገው በዕቃዎቹ መሃል መሃል እየዞርኩ ነው፤ የገንቦ አንገት፣ ጣሳ፣ ቀንድ፣ አንዳቸውን አልነካም። ሰልፉ መጨረሻ ላይ ስደርስ አንድ የማላውቀው ዕቃ አለ። ቆብ ነው። ጫፉ ላይ የደረቀ ሞላሰስ ያለበት የፋብሪካ ቆብ። ዙሪያውን በጥንቃቄ ጠረግኩና ቀና ብዬ አየሁ።

አባቴ አጥሩ ሥር ቁጢጥ ብሏል። ለካ ስኳሩን ከጫነው መኪና ጋር ነው የመጣው።

«ትጠርጊው እንደሆነ ልይ ብዬ ነው» አለኝ።

«አባዬ» አልኩት፣ «የዚህ ቀበሌ ካርድ የለህም። ቆብህን አንሳ፣ ሰው ይሰለፍበት።»

እየሳቀ ተነስቶ ቆቡን አነሳ።